የዝዋይ ቆሮሶ የት ገባ?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
ዝዋይ ነው ያደግኩት፣ ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። ባለፈው እናቴን ልጠይቅ ስሄድ ለምሳ ዓሣ ገዛሁ። ሻጩ «ቆሮሶ ነው» ብሎ ፊሌቶውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እናቴ ገና መጥበሻ ላይ ስትጥለው «ይሄማ አምባዛ ነው» ብላ እጇን ታጠበች። ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ በአፏ አይዞርም። በደርግ ጊዜ አባቴ ቆሮሶ በገመድ ሰክቶ ይመጣ ነበር፤ አምባዛ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ከየት መጣ? ፊሌቶ ከሆነ በኋላስ በምን ይለያል?

መረብ ጣይ፦
ወንድሜ፣ እናትህ አልተሳሳቱም። አምባዛ የዝዋይ ተወላጅ አይደለም። ካርፕ የሚባለው ዓሣም እንደዚያው። ሁለቱንም ያመጣቸው ሰው ነው። የሐይቁ የራሱ ቆሮሶና ባለሙያዎች ባርበስ የሚሉት ናቸው፤ ባርበስ አሁን ብርቅ ሆኗል።

እኔ ሃያ ዓመት መረብ ጥያለሁ። ካርፕ መያዝ ስንጀምር ሎተሪ የደረሰን መስሎን ነበር። አንዱ ብቻ ሚዛን ይደፋል። ጉዱ ሲበላ ነው፦ እንደ ባላ የተሰነጠቀ ስስ አጥንት ሥጋው ውስጥ ተሰግስጓል። አንዴ ጉሮሮው ላይ የቆመበት ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም።

መለያው? የቆሮሶ ፊሌቶ ነጣ ብሎ መዳፍ ያህላል። የአምባዛው ረዘም ይላል፣ ወደ ቀይ ያደላል። ካላመንክ ከነቅርፊቱ ግዛና ፊትህ ያውጡልህ። ወደቡ ላይ ልጆቹ በደቂቃ ይጨርሱታል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም አንጀቱን ለመልቀም ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ተማሪ ነኝ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ሁሉንም በመጤዎቹ ላይ አንጫን። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ ስለዚህ ብዙ አትጥልም። ትልቅ ካርፕ ግን በመቶ ሺዎች ትበትናለች። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው ጭቃ እየቆፈረ ነው። የዝዋይ አማካይ ጥልቀት ደግሞ 2.5 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይደፈርሳል። በዚህ ላይ ቆሮሶ የሚራባበት የዳሩ ቄጠማ ተመንጥሯል፣ ለቲማቲሙና ለአበባው ውሃ ይሳባል፣ ጫጩቱን ጠራርጎ የሚያወጣ ዓይነ ጠባብ መረብም አለ። ካርፕ ባይመጣ እንኳ ቆሮሶ በሰላም ይኖር ነበር ብዬ አላምንም።

መረብ ጣይ፦
ስለ ጠባቡ መረብ እውነትሽን ነው። እኔም አጥምጄበታለሁ። ጎረቤቴ በጠባቡ እየሞላ ሲመጣ የኔ ልጆች ምን ይብሉ?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያን ቀን እናቴ ሽሮ በላች። አምባዛውን እኔ ጨረስኩት፣ ከጠበቅኩት በላይ ይጣፍጣል። እሷ ፊት ግን ይህን አልናገርም።