ሁለት የመጀመሪያ ዙር ፒክ ለአንድ ኮከብ፦ ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂው (ቨርጂኒያ)፦ ሰላም ወገን። እኔና ጓደኞቼ በቪዲዮ ጌም የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ) ሊግ አለን። እያንዳንዳችን አንድ ቡድን እንመራለን፤ ደንቡ እንደ እውነተኛው ነው። አንዱ «የ29 ዓመቱን ኮከብህን ስጠኝ፣ የ2027 እና የ2028 የመጀመሪያ ዙር ፒኬን ውሰድ» አለኝ (ፒክ ማለት በየዓመቱ ከሚመጡ አዳዲስ ተጫዋቾች የመምረጥ ተራ ነው)። ቡድኑ አሁን አንደኛ ነው። ያዋጣኛል?

የድሮ ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ ፒክ የሚመዘነው በባለቤቱ ነው። ደካማ ቡድን ቀድሞ ስለሚመርጥ፣ አንደኛ የሆነ ቡድን የሚሰጥህ ቅርብ ፒክ 30ኛ አካባቢ ነው፤ ትርፍራፊ በለው። ራቅ ያለውን ጠይቅ። ብሩክሊን በ2013 ኮከቦቹን ጋርኔትን በ37፣ ፒርስን በ35 ዓመታቸው ከቦስተን ሲወስድ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ፒክና የ2017 ቦታ የመቀያየር መብት (ቦስተን ከሁለቱ የተሻለውን ተራ እንዲወስድ) ሰጠ። ሽማግሌዎቹ ደከሙ፣ ቡድኑ ወደቀ። በ2016 ፒኩ 3ኛ ወጣ፤ ቦስተን ጄይለን ብራውንን መረጠበት። በ2017 ደግሞ 1ኛ ሆነ፤ ቦስተን ከፊላደልፊያ ጋር ወደ 3ኛ ተቀያይሮ፣ ተጨማሪ ፒክም አግኝቶ ቴተምን ወሰደ። በ2024 ሁለቱም ዋንጫ አነሱ።

ሜሪ፦ የ2014ቱን ለምን ዘለልከው? 😄 17ኛ ወጥቶ ጄምስ ያንግ ተመረጠበት፤ ብዙም አልቆየ። በ2019 ኦክላሆማ ኮከቡን ፖል ጆርጅን ለክሊፐርስ በሰጠበት ትሬድም (ልውውጥ) ሁሉም የሚያወራው ኦክላሆማ ስላገኘው አምስት ፒክ ነው። እውነት ነው፣ በአንዱ ጄይለን ዊሊያምስ 12ኛ ተመርጧል። የ2025ን ዋንጫ ያመጣው ዋናው ሰው ግን ከፒኮቹ ጋር አብሮ የተሰጠው ወጣቱ ተጫዋች ሼይ ነው። ጓደኛህ ጎበዝ ወጣት ተጫዋች ካለው ከፒኩ በፊት እሱን ጠይቅ።

ደንብ አዋቂ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ነገሩ አይፈቀድም! በስቴፒየን ደንብ ማንም ቡድን ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ያለ መጀመሪያ ዙር ፒክ መቅረት አይችልም። በ80ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ባለቤት ፒኩን እየበተነ ስላስቸገረ የመጣ ነው። ስለዚህ የሌላ ቡድን ፒክ ከሌለው 2027 እና 2029 በለው፤ በመሃል የ2028ን መቀያየሪያ ጨምርበት። ጥበቃም እይ። «እስከ 10 ጥበቃ አለው» ካለህ፣ ፒኩ ከ1 እስከ 10 ከወጣ እዚያው ይቀራል ማለት ነው።

ጠያቂው፦ አሁኑኑ ደወልኩለት። 2027ን ወዲያው እሺ አለ። 2029 ያለ ጥበቃ ስለው ዝም አለ። ከዚያ «እሱን ተወው፣ ሌላ ተጫዋች ልጨምርልህ» አለኝ 😂

ሜሪ፦ በቃ፣ 2029ን ያዝበት!