ከለገጣፎ 43 ኢንች ያገለገለ ሳምሰንግ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ሚሚ ኮዬ፦
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ፣ እስኪ አንድ ነገር አማክሩኝ። እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው ያለነው። የቤታችን ቲቪ ያ የድሮው ከኋላው ሆድ ያለው ነው፣ እሱም ቀለሙ ሄዶ ሰው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ልጆቹ ጎረቤት እየሄዱ ነው የሚያዩት እና እኔ በዚህ ነገር በጣም ነው የምሳቀቀው። እቁብ ሲወጣልኝ አዲስ ልግዛ ብዬ ሱቅ ጠየቅኩ፣ 43 ኢንቹ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ከዛ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው ለገጣፎ ሆኖ 43 ኢንች ሳምሰንግ ስማርት 19 ሺ ብር ብሎ ለጥፎ አየሁና ደወልኩ። ሰውየው ትሁት ነው፣ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ዕቃ እየሸጥን ነው፣ ቲቪውን ብዙም አልተጠቀምንበትም አለኝ። ቪዲዮ ላከልኝ ጥርት ያለ ነው። ካርቶንና ደረሰኝ የለውም። ሌላ ገዢ ስላለ ዛሬ 3 ሺ ቀብድ ካላክሽ ላቆይልሽ አልችልም ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ከማታውቂው ሰው ኤሌክትሮኒክስ አይገዛም ብሎ ድርቅ ብሏል። ምን ትላላችሁ? ሄጄ ካየሁትስ ምኑን ነው የማየው፣ እኔ ስለ ቲቪ የማውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው።

የጀሞው ልጅ፦
ቀብድ እንዳትልኪ!!! በዓይንሽ ሳታዪ አንድ ብር አትላኪ። "ሌላ ገዢ አለ" የሁሉም ሻጭ ዜማ ነው። ውጭ ልሄድ ነው የሚለውም እንደዛው፣ እውነት ሊሆን ይችላል ግን ቴሌግራም ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ወይ ውጭ ሊሄድ ነው ወይ ቤት ሊቀይር ነው፣ ስላስቸገረኝ ነው የምሸጠው የሚል እስካሁን አላጋጠመኝም 😂 ቪዲዮው የዛሬ ይሁን የአምና በምን ይታወቃል? ቪዲዮ ኮል በይና ከጠፋበት ሲያበራው ያሳይሽ፣ ሰበብ ካበዛ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

ስታኞ፦
እህቴ እኔ ዓለም ባንክ አካባቢ ቲቪ ጥገና ነው የምሰራው፣ ትንሽ ላስረዝም ነው ታገሺኝ። ያገለገለ መግዛት በራሱ ችግር የለውም፣ ሰው ግን ሲገዛ ቅጥነቱንና ስማርት መሆኑን ነው የሚያየው፣ መታየት ያለበት ፓኔሉ ነው፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበት ስክሪኑ። ውስጡ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ቦርድ አለ፣ ሁሉንም የሚያዘው ሜን ቦርድ አለ፣ ከፓኔሉ ጀርባ የሚያበራው ባክላይት አለ፣ እነዚህ ቢበላሹ ወይ ይሰራሉ ወይ ይቀየራሉ። ፓኔሉ ከተሰነጠቀ ወይ መስመር ካወጣ ግን አለቀ፣ ዋጋው ከሙሉው ቲቪ ብዙም ስለማይርቅ ማንም አያሰራውም።

ስትሄጂ "እኔ እስክደርስ አታብሩት" በያቸው። ደርሰሽ መጀመሪያ ጀርባውን በእጅሽ ንኪው፣ ሞቅ ካለ ቀድመው አሙቀውታል። አንዳንዱ ቲቪ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው የሚያስቸግረው፣ ይበራል ይጠፋል ይበራል ይጠፋል ከዛ ሲሞቅ ሰላም ይሆናል። ሌላው ደግሞ ተቃራኒው ነው ግማሽ ሰዓት ምናምን ከሰራ በኋላ ነው መስመር የሚያወጣው። ስለዚህ አየሁት ብለሽ ቶሎ አትነሺ፣ ቡና ካፈሉልሽ እሰየው እስከ በረካው ድረስ ይብራ።

እየሰራ እያለ ዩቲዩብ ላይ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያደረገ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ እሱን ክፈቺበት። ነጩ ላይ ክብ ክብ ደመቅ ያሉ ነጠብጣቦች ካየሽ ባክላይቱ ላይ የምትለጠፈዋ ሌንስ ወድቃ ነው፣ ይሰራል፣ ዋጋ መቀነሻ አድርጊው። ነጩ ወደ ሰማያዊ ወይ ወደ ሐምራዊ ካደላ የባክላይቱ ትንንሽ መብራቶች (ኤልኢዲዎቹ) ደክመዋል። ከላይ እስከ ታች የሄደ መስመር ካየሽ ግን ፀጉር ብታክልም፣ "ይቺ ምን ታደርጋለች" ቢሉሽም ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ፣ ነገ ሁለት ትሆናለች።

ሌላ ደግሞ ሳምሰንግ ነው ካሉሽ ስማርቱን ክፈቺው። ሳምሰንግ ስማርት የራሱ ታይዘን የሚባል ሲስተም ነው ያለው፣ ኤልጂ ደግሞ ዌብኦኤስ። "ሳምሰንግ" ተብሎ ሲበራ አንድሮይድ ከመጣና ፕሌይ ስቶር ካለው ስሙ የተለጠፈበት ነው። እንደዛ ዓይነት ስንት ይመጣልኛል መሰለሽ፣ ባለቤቶቹ ሲነገራቸው እኔን ነው የሚቆጡት።

ከሁሉም በፊት ግን ከኮዬ ተነስተሽ ከተማውን አቋርጠሽ ለገጣፎ ድረስ ሳትሄጂ የጀርባውን ስቲከር ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። ሞዴሉም ቮልቱም እዛ ላይ ነው ያለው።

የአባዶዋ፦
እኔ አትግዢ ባይ ነኝ፣ ባለቤትሽ እውነቱን ነው። በዚሁ ብር ትንሽ ብትጨምሪበት አዲስ 32 ኢንች ከነ ዋስትናው ታገኛለሽ፣ የኮንዶሚኒየም ሳሎን መቼስ እናውቀዋለን ሶፋው ላይ ሆነሽ እግርሽን ብትዘረጊ ቲቪውን ትነኪዋለሽ፣ 43 ምን ያደርግልሻል? ከግለሰብ የተገዛ ዕቃ ዋስትናው እስከ በሩ ነው። ደግሞ "ስማርት" ስላሉሽ አይሙቅሽ፣ ጎረቤቴ ያገለገለ ስማርት ገዝታ ሲስተሙ ከማርጀቱ የተነሳ ዩቲዩቡ አልከፍትም አለ፣ በላዩ ላይ አንድሮይድ ቦክስ ገዛችበት፣ ሲደመር አዲስ የገዛችበት ሆነ።

ስታኞ፦
@የአባዶዋ ስለ ዩቲዩቡ ልክ ነሽ ያረጀው ላይ ይኖራል። ግን 32 አዲስ ሲባልም ስሙ የማይታወቀው አዲስ ከደህናው ያገለገለ ቀድሞ ነው እኔ ጋ የሚደርሰው፣ አዲስ ስለሆነ ብቻ አትተማመኑ።

ዝምተኛው ገላን፦
ደረሰኝ የለም ስላልሽው ልጨምር። አብዛኛው ሰው ደረሰኝ አያስቀምጥም ስለዚህ በዛ ብቻ ሌባ ነው አይባልም። ግን ቤታቸው ገብተሽ ግዢ፣ ካፌ በር ላይ ወይ ታክሲ ተራ እንገናኝ ካለ ተዪው። ቤት ከገባሽ ብዙ ነገር ታያለሽ፣ ሌላውስ ዕቃ እየተሸጠ ነው ወይ፣ ሪሞቱ አለ ወይ፣ ልጆቹ የሚያዩትን ቻናል ያውቁታል ወይ። ስቲከሩ ላይ ሲሪያል ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ እንዳትነኪው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ወይ መጠርጠር ሲገባ ዝም ብሎ መግዛት በወንጀል ሕጉ መሸሸግ ተብሎ ያስጠይቃል፣ ርካሽ ነው ብለሽ የገዛሽው ፖሊስ ጣቢያ ያመላልስሻል። ብትገዢ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፣ ሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍ፣ ሁለታችሁ ፈርሙ፣ የመታወቂያውን ኮፒ ያዢ፣ ምስክር ይኑር። ብሩን በካሽ አትስጪ በቴሌብር ወይ በባንክ ይሁን፣ አካውንቱ ደግሞ መታወቂያው ላይ ባለው ስም። "በጓደኛዬ አስገቢው" ካለ እዛው ቁሚ።

ሚሚ ኮዬ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም 🙏 ቀብዱን አልክም አልኩት፣ ትንሽ ቅር አለው ግን ዝም አለ፣ ሌላኛው ገዢም የት እንደገባ እንጃ። ፎቶውን ላከልኝ፣ ሞዴሉ ዩኤን43 ብሎ ይጀምርና ከስሩ 110-120 ቮልት 50/60 ኸርዝ ይላል። ይሄ ምን ማለት ነው? ስጠይቀው አጎቱ ከአሜሪካ ያመጣው ነው፣ ኦሪጅናል ነው፣ እዚህ ከሚሸጠው ይበልጣል አለኝ። ቪዲዮ ኮልም አደረግን፣ ከቲቪው ስር ጥቁር ከባድ ሳጥን ነገር አለ እሱ ምንድነው ስለው ስታብላይዘር ነው አለኝ። ምስሉ ግን ቆንጆ ነው እውነቴን ነው።

ስታኞ፦
ይኸውልሽ ለዚህ ነው ስቲከሩን ያልኩሽ። ያ ስታብላይዘር አይደለም፣ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ሳምሰንግ ለአሜሪካ የሚያወጣው ሞዴል በዩኤን ነው የሚጀምረው፣ በእኛ በኩል የሚመጣው በዩኤ፣ የአውሮፓው በዩኢ። ለእኛ ገበያ የሚመጣው ስቲከሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ይላል፣ ስለዚህ መብራቱ ትንሽ ቢወርድም ግድ የለውም። ያንቺው ግን 110 ነው።

ሰውየው ዋሽቷል አልልም፣ ምናልባት እሱም ስታብላይዘር እየመሰለው ኖሮ ይሆናል። ቲቪውም ኦሪጅናል ነው ይሰራል፣ 43 ኢንች ወደ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚስበው ስለዚህ 300 ወይ 500 ዋት ትራንስፎርመር አይከብደውም። ችግሩ አንድ ቀን ሲነቀል ነው። አሜሪካ ሶኬቱ ጠፍጣፋ ሁለት እግር ስለሆነ ቀጥታ ግድግዳችን ላይ አይገባም፣ ግን በየሱቁ ያለችው ትንሿ አዳፕተር ካለች ይገባል፣ አዳፕተር ደግሞ ቅርፅ ነው እንጂ የምትቀይረው ቮልት አትቀንስም። ቤት ስትጠርጉ ሳጥኑ ይነሳል፣ ልጅ መጥቶ በአዳፕተር ይሰካዋል፣ ጧ! ፓወር ቦርዱ ሄደ፣ ዕድል ካልቀናሽ ሜኑንም ይዞ ነው የሚሄደው። የዛን ሞዴል ቦርድ እዚህ መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው። እንደናንተ ሰፈር መብራት በሚሄድ በሚመጣበት ቦታ ደግሞ ሲሄድ ሁሉም ነገር ይነቀል፣ ቲቪ የሚገድለው መሄዱ ሳይሆን ሲመጣ ዘልሎ የሚመጣው ነው። ልጆች ላሉበት ቤት እኔ አልመክርም። ካልሆነም በ19 አይደለም።

እና ቱነሩም፣ ማለትም ስርጭት የሚቀበለው ክፍል፣ የአሜሪካ ነው የእኛን ስርጭት አያነሳም። ለእኛ ገበያ ከሚመጡት አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ የዲሽ መሰኪያ አላቸው፣ ያለ ሪሲቨር ያሳያሉ፣ ያኛው ያ የለውም።

የጀሞው ልጅ፦
እሱ እንኳን ብዙ አያሳስብም፣ ሪሲቨር የሌለው ማን አለ? ዲሹ ወደ ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከዞረ ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ መሰካት ነው፣ ቲቪው የአሜሪካ ሁን የቻይና ሁን ስክሪን ነው የሚሆነው። ትራንስፎርመሩ ነው ነገሩ።

ዝምተኛው ገላን፦
110 መሆኑን ማስታወቂያው ላይ አለመጻፉ ነው እኔን ደስ ያላለኝ። ባታውቂ ኖሮ ለስታብላይዘሩ ለብቻው ትጨምሪያለሽ ሊል ሁሉ ይችል ነበር።

ሚሚ ኮዬ፦
@ዝምተኛው ገላን ብሎኛል እኮ! "ስታብላይዘሩን 2 ሺ" ብሎኝ ነበር፣ ነገሩ ስላልገባኝ ነው ያልጻፍኩት። አሁን ደውዬ 110 እንደሆነ አውቄያለሁ፣ ከነ ትራንስፎርመሩ 14 ካልሆነ አልፈልግም አልኩት፣ 17 ድረስ ወረደ። ለሊት አልተኛሁም ስለእሱ፣ ግን የኔ ትንሹ ልጅ የስልክ ቻርጀር ይዞ ያገኘውን ሶኬት ሁሉ እየሞከረ የሚዞር ነው፣ እሱ ባለበት ቤት ያንን ሳጥን የሚጠብቅልኝ የለም። ተውኩት። እዚሁ እኛ ብሎክ አንዲት ሴትዮ ዩኤ የሚለውን 40 ኢንች ልትሸጥ ነው አሉ፣ እሱን አይቼ ስቲከሩን እለጥፍላችኋለሁ።

የአባዶዋ፦
ባልሽ ተናግሮ ነበር 😂

ሚሚ ኮዬ፦
እባክሽ እንዳይሰማ 😂 እሱ እኮ 110 ምናምን አላለም፣ ዝም ብሎ ነው አይገዛም ያለው።

የጀሞው ልጅ፦
ሚሚ ካልፈለግሽው የሰውየውን ቁጥር በውስጥ ላኪልኝማ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ ለፕሌይስቴሽን ነው የምፈልገው። 15 እለዋለሁ።

ስታኞ፦
@የጀሞው ልጅ ከገዛኸው የቲቪውን ሶኬት ትራንስፎርመሩ ላይ ሰክተህ በፕላስተር ጠቅልለው እንዳይነቀል። ከለገጣፎ ስታመጣው ደግሞ ዳማስ ያዝ፣ አቁመህ ጫነው፣ ሁለት ፍራሽ መሃል አስገባውና ሰው ይያዘው። አስተኝተህ እንዳትጭነው፣ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ፓኔሉ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ ከዛ እኔ ጋ ይዘኸው ብትመጣም ምንም አላደርግልህም።