ክርክር፦ በድሬዳዋ ሙቀት ለአዲሶቹ ኃይል በላ ፕሮሰሰሮች የውሃ ኩለር ይግባ ወይስ የአየር?

አወያዩ፦

ማኅበራችን በአባላት መዋጮ ለሚያቋቁመው የጋራ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ክፍል ስድስት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ሊገዙ ነው። ለምርጫ የቀረቡት ፕሮሰሰሮች የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ እና የኤኤምዲ ራይዘን 9 9950ኤክስ ናቸው። የመጀመሪያው በከባድ ሥራ ላይ እስከ 253 ዋት፣ ሁለተኛው እስከ 230 ዋት እንዲወስድ አምራቹ ፈቅዶለታል። ዋጋ ያቀረበልን ነጋዴ ለስድስቱም ባለ 360 ሚሊ ሜትር ራዲያተር የውሃ ኩለር፣ ማለትም ፓምፕ ውሃን በቱቦ እያዞረ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ፋን ወዳለበት ራዲያተር የሚያደርስ ማቀዝቀዣ፣ ጽፎልናል፤ ከአባላቱ ግማሹ ይህ ያለ አግባብ የሚወጣ ገንዘብ ነው ብለው ተቃውመዋል። ሙያችሁንና የምትኖሩበትን ሰፈር ወይም ከተማ ከላይ አስቀምጣችሁ፣ ሐሳባችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ። «የአየር ኩለር» ሲባል ፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረው ብረትና ፋን እንጂ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት በዚህ አለመግባባት ብቻ የግማሽ ቀን መልእክት ባክኗል። ጽሑፉ ለጠቅላላ ጉባኤው ስለሚነበብ ቋንቋችን የተስተካከለ ይሁን፤ አንቱታን ግን ድሬ ላይ በማንም አልጭንም።

የቪዲዮ አቀናባሪ፣ ሳቢያን፦

እኔ የውሃውን ኩለር እደግፋለሁ። በግንቦትና በሰኔ የከተማችን የቀን ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነው ስቱዲዮዬ ከውጭው ይብሳል። የምሠራበት ራይዘን 9 7950ኤክስ የሙቀት ወሰኑ 95 ዲግሪ ነው። ባለ አንድ ፋን መካከለኛ ኩለር አስሬበት የሦስት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት ማድረግ፣ ማለትም የተቀናበረውን በመጨረሻ ፋይልነት ማውጣት፣ ስጀምር፣ የቀዳሁት ሻይ ሳይበርድ 95 ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ወሰኑን እንዳያልፍ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። የፋኑ ጩኸትም ቀላል አይደለም፤ አንድ ጊዜ የቀዳሁት ትረካ ሥር ሲያፏጭ ስለተሰማ ሙሉውን እንደገና ለመቅዳት ተገድጃለሁ።

ማንኛውም ኩለር የሚመዘነው ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ ሙቀት በላይ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚያቆመው ነው። አንድ ኩለር 230 ዋት ሲጫንበት ከክፍሉ በ60 ዲግሪ በላይ ያቆመዋል እንበል። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ ፕሮሰሰሩ በ82 ይሠራል፤ 37 ዲግሪ በሆነው በእኔ ክፍል ግን ስሌቱ 97 ይሆንና ከወሰኑ ያልፋል። ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው የኩለር ፍተሻዎች በአብዛኛው ለዘብ ባለ ክፍል ውስጥ የተደረጉ በመሆናቸው፣ «የአየሩ ይበቃል» የሚለው ፍርዳቸው ለአዲስ አበባ ይሠራ እንደሆነ እንጂ ለእኛ አይሠራም።

የጥገና ባለሙያ፣ ከዚራ፦

የእኅቴ ስሌት ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ከስሌቱ አይወጣም። ያ 37 ዲግሪ የውሃውን ኩለርም እኩል ያገኘዋል፤ ራዲያተሩ የሚቀዘቅዘው በዚያው ክፍል አየር ነውና። ውሃው ሙቀቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ያደርሳል እንጂ አያጠፋውም። ራዲያተሩ ሰፊ በመሆኑ ጥቂት ዲግሪዎችን እንደሚያተርፍ አልክድም። አዲስ ተጠቃሚን የሚያታልለው ግን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው፤ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ፕሮሰሰሩ ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ውሃው ከሞቀ በኋላ ግን ዳኛው የራዲያተሩ ስፋትና የፋኑ ጉልበት ብቻ ነው። የእኛ ሥራ ደግሞ የደቂቃ ሳይሆን የሰዓታት ኤክስፖርት ነው።

«የአየር» የምንለውም ቢሆን ፈሳሽ አያጣም። በመዳብ ቱቦዎቹ ውስጥ የታሸገው ጥቂት ፈሳሽ ፕሮሰሰሩ ዘንድ ይተናል፣ ክንፎቹ ዘንድ ደርሶ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፣ እንደገናም ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ያለ ፓምፕ ነው፤ የእኔም ክርክር ፓምፑ ላይ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ደንበኛ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ በተከፈተ ቁጥር ይጠፋል» ብሎ የውሃ ኩለር ያለው ኮምፒውተር አመጣልኝ። ክዳኑን ከፍቼ ቱቦዎቹን ስዳስስ በፕሮሰሰሩ በኩል ያለው ጫፍ ያቃጥላል፤ ራዲያተሩ ግን እንደ ጧት ድንጋይ ቀዝቅዟል። ፓምፑ ሞቶ ነበር። እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የማውቃቸውን ሱቆች ሁሉ ብጠይቅ ምትክ አላገኘሁም፤ ሰውየው ከአዲስ አበባ እስኪላክለት ሳምንታት ሥራ ፈታ። በአንጻሩ የአንድ የአየር ኩለር ፋን ሲሞትብኝ፣ ከተጣለ ኬዝ ላይ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ፈትቼ በሁለት የፕላስቲክ ማሰሪያ ክንፎቹ ላይ አሰርኩት። ለጊዜው ብዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይሽከረከራል።

ተማሪ፣ ገንደ ቆሬ፦

በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሲበላሹ የነበሩት በሙቀት አይደለም እንዴ? እንግዲህ 14900ኬ የምንገዛ ከሆነ የውሃ ኩለር ግዴታ ይመስለኛል።

መምህር፣ ሐረር፦

ልጄ፣ ኢንቴል ራሱ የገለጸው ዋና ምክንያት ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ውስጡን ማጎሳቆሉ ነው። መፍትሔውም በባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ በሚነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ በኩል የሚጫን ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) ነበር፤ ዋስትናውም በሁለት ዓመት ተራዝሟል። ስለዚህ 14900ኬ ከተመረጠ፣ ኩለሩ የትኛውም ይሁን፣ ከሳጥኑ እንደወጣ ባዮሱን ማደስ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የተጎዳ ፕሮሰሰርን የሚመልስ ግን ማይክሮኮድም ሆነ ኩለር የለም።

ወደ ዋናው ክርክር ስመለስ፣ ሁለታችሁም የዋቱን መጠን እንደማይነካ ነገር አድርጋችሁ ማለፋችሁ ይገርመኛል። ፕሮሰሰር የወሰደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ስድስት ጊዜ 253 ዋት 1,518 ዋት ነው፤ ይህም ግራፊክስ ካርዶቹን ሳይጨምር የአንድ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድን ግማሽ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። በሰኔ ቀትር መስኮት ዘግቶ ይህን የሚጥድ ሰው ካለ፣ ከኩለር በፊት ስለ ኤሲና ስለ አየር መውጫ ይነጋገር። ከፍታም አለ፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከመቶ ዐሥር ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ይዞ የሚሄደው ሙቀት ያንሳል። እኛ ሐረሮች ከእናንተ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምንል አየራችን ይበልጥ ይሳሳል፤ ብርዳችን ግን ይክሰናል።

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር፣ ከቮልቴጁም ካሬ ጋር ያድጋል። አምራቾቹ በውድድር ገበያ ላይ በልጦ ለመታየት የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜጋኸርዞች የሚያወጡት ቮልቴጁን ወደ ላይ በመግፋት ስለሆነ፣ ትንሽ ፍጥነት ብዙ ዋት ይበላል። በኤኤምዲ ላይ ኢኮ ሞድ የተባለው ኃይል ቆጣቢ ምርጫ በ105 ደረጃ ሲመረጥ የኃይሉ ወሰን ከ230 ወደ 142 ዋት ይወርዳል፤ በኢንቴልም ባዮስ ውስጥ 253ቱን ወደ ፈለጉት ቁጥር ማውረድ ይቻላል። በእኅታችን ምሳሌ ላይ 60 ዲግሪ የነበረው ጭማሪ በ142 ዋት ወደ 37 ገደማ ስለሚወርድ፣ ያው ኩለር በዚያው ክፍል ፕሮሰሰሩን በ74 ያሠራው ነበር።

የቪዲዮ አቀናባሪ፣ ሳቢያን፦

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ነገር ግን ይህ ፈረስ ገዝቶ እግሩን ማሰር ነው። ዋቱን የምንቀንሰው ከሆነ ለ9950ኤክስ ለምን እንከፍላለን?

መምህር፣ ሐረር፦

ምክንያቱም የከፈልሽው በዋነኛነት ለ16ቱ ኮሮች፣ ሥራውን ተከፋፍለው ለሚሠሩት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች፣ ነው። በ142 ዋት የሚሠሩ 16 ኮሮች፣ ያንኑ ኃይል ከሚወስዱ 8 ኮሮች ይልቅ ኤክስፖርቱን አስቀድመው ይጨርሳሉ። የሚጠፋው ፍጥነት ጥቂት ሲሆን የሚቀረው ሙቀት ግን ብዙ ነው። ደግሞም የኤኤምዲ ኮሮች የተቀመጡባቸው ቺፖች እያንዳንዳቸው 70 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የጣት ጥፍር ቢያክሉ ነው። ሙቀቱ ከዚያች ጠባብ ቦታ እስኪወጣ የሚታነቀው ኩለሩ ዘንድ ሳይደርስ ስለሆነ፣ ከላይ ያለውን ኩለር በእጥፍ ማሳደግ የዲግሪውን ግማሽ አያወርድም።

የጥገና ባለሙያ፣ ከዚራ፦

በዚህ ላይ አቧራውን ጨምሩበት። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ ሲነሣ የራዲያተርንም የአየር ኩለርንም ክንፍ አይመርጥም፤ ነገር ግን የራዲያተር ክንፎች ቀጫጭንና የተቀራረቡ ስለሆኑ ቶሎ ይደፈናሉ። በየወሩ ብሎወር የማይነካው ኩለር ምንም ዓይነት ቢሆን በዓመቱ ብርድ ልብስ ለብሶ ይገኛል። ባለፈው አንዱን ስከፍት ፋኑና ክንፉ መካከል ያለው አቧራ እንደ ጨርቅ በአንድ ላይ ተገፎ ወጣ።

የቪዲዮ አቀናባሪ፣ ሳቢያን፦

ስለ ዋቱ የተነገረውን በከፊል እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሣም። ትልልቆቹ የአየር ኩለሮች ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ይህ ሁሉ ብረት የሚንጠለጠለው የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ በሆነው ማዘርቦርድ ላይ ነው። ኮምፒውተሮቹ ተገጣጥመው ከአዲስ አበባ በመኪና ሲመጡ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደው እስኪደርሱ ያ ብረት ሲወዛወዝ ማዘርቦርዱን ቢሰነጥቀው ማን ይጠየቃል? የውሃው ክብደት ያረፈው በኬዙ ላይ ነው።

የጥገና ባለሙያ፣ ከዚራ፦

ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ እኔም የተጣመመ ማዘርቦርድ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ኩለሩ በየሳጥኑ ለብቻው መጥቶ እዚህ መታሰሩ ነው፤ ስድስቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ቀብቼ አስራቸዋለሁ፣ ክፍያም አልጠይቅም። በቅንነት ለመናገር፣ ጉባኤው 14900ኬን መርጦ 253ቱን ዋት ሳይነካ ላሠራው ካለ የውሃውን ኩለር አልቃወምም፤ በዚያ ዋትና በዚህ ሙቀት የአየሩ አይችለውም። ያኔ ግን አንድ መለዋወጫ ኩለር ከመጀመሪያው ይገዛ፤ ሲገጠምም ራዲያተሩ ከኬዙ ጣሪያ ሥር ይሁን። በውስጡ የሚቀር አየር ወደ ከፍተኛው ቦታ ስለሚሄድ፣ ፓምፑ የበላይ ከሆነ አየር እየዋጠ ይንጫጫል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ገንዘብ ያዥ፦

ሰባተኛ ኩለር መጠባበቂያ እንዲሆን የሚጠይቀው ምርጫ ሰባት ኩለር የሚያስገዛ ምርጫ ነው። በደብተሬ ላይ በዚሁ መልክ መዝግቤዋለሁ።

ተማሪ፣ ገንደ ቆሬ፦

ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ያርፋል። ከባዱን ኤክስፖርት ለምን ለሌሊት አናደርገውም? በሌሊት ክፍሉ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

የቪዲዮ አቀናባሪ፣ ሳቢያን፦

ሠርግ ያለበት ሰው ሌሊትን አይጠብቅም እንጂ ሐሳቡስ ጥሩ ነበር። ደግሞ በሌሊት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሣው ማን ነው?

አወያዩ፦

ሐሳቡ እየተቀራረበ ስለሆነ በቃል ከመቀጠል እንለካ። እኅታችን 7950ኤክሷን ትሰጠናለች፤ ባለሙያው ከሱቁ አንድ ባለ ሁለት ፋን የአየር ኩለርና አንድ ባለ 360 የውሃ ኩለር በውሰት ያመጣል። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፣ ያው ክፍል፣ ያው ቪዲዮ፣ መጀመሪያ በ230 ከዚያም በ142 ዋት፣ በእያንዳንዱ ኩለር አንድ አንድ ሰዓት ይሠራል። የፕሮሰሰሩ ዲግሪ ብቻ ሳይሆን ኤክስፖርቱ የፈጀው ደቂቃም ይመዘገባል።

የጥገና ባለሙያ፣ ከዚራ፦

እስማማለሁ፤ የኬዙ ክዳን ግን ተዘግቶ ይሁን። ከፍቶ መለካት ጠረጴዛ ላይ ያለን ኩለር መለካት ነው።

የቪዲዮ አቀናባሪ፣ ሳቢያን፦

ይዘጋ። ኤሲውም ይጥፋ። የክፍሉን ቴርሞሜትር እኔ አመጣለሁ፤ የግድግዳውን አላምነውም።