«ለሐረጎ የተሠራ መኪና» ማለት ምን ማለት ነው?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ትናንት ከአንድ ሠርግ ቤት ተናድጄ ነው የወጣሁት። ሁለት አሮጌ መኪናዎች አይቼ በየትኛው ላይ እንደምወስን ግራ እንደገባኝ ሳወራ፣ አንድ ሰውዬ የጠጅ ብርሌውን እንኳ ሳያስቀምጥ «መርሴዲሱን ግዛ፤ ቢኤምደብልዩ ለሐረጎ የተሠራ መኪና አይደለም» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ወሬውም በዚያው ተዘጋ። ምክንያት የለ፣ ማስረጃ የለ!

አንደኛው የ1990 መርሴዲስ 230ኢ ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር። ሁለተኛው የ1991 ቢኤምደብልዩ 520አይ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር። ሁለቱም ቤንዚን፣ ሁለቱም ማኑዋል። የዋጋቸው ልዩነት የአንድ ሰንጋ ዋጋ አይሞላም። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ስለሆነ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ አገኘዋለሁ። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለውን ከማገላበጥ ሌላ ምርጫ የለኝም፤ ስለዚህ «አዲስ ግዛ» የምትሉ እለፉኝ።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ሰውዬው ጠጅ ቢይዝም እውነቱን ነው የተናገረው። ሠላሳ ዓመት በዚያ መንገድ ነድቻለሁ። ማርቼዲስ ዳገቱን ሲወጣ ታየዋለህ፤ ቢኤምደብልዩን ግን ኮፋኖውን ከፍቶ ሲተነፍስ ነው የምታየው። ለሐረጎ የተሠራ ማለት ይኸው ነው።

ስድስት ሲሊንደር፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ ለሐረጎ የተሠራ መኪና በዓለም ላይ የለም። ጀርመን አገር የተቀመጠ መሐንዲስ ሐረጎን ከየት ያውቀዋል? ቁጥር ልጥቀስ፦ 520አይ 150 የፈረስ ጉልበት አለው፤ 230ኢ እንደ ስሪቱ 132 ወይም 136። ዳገት የሚወጣው እንግዲህ የትኛው ነው?

ጋራዥ ቤት፦
ቁጥር ከጠቀስክ ሙሉውን ጥቀስ። 150ው የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 5,900 ዙር ሲደርስ ነው። ከተሳቢ ኋላ ተለጥፎ በሁለተኛ ማርሽ የሚንፏቀቅ ሰው እዚያ ዙር ላይ በምን ይደርሳል? ዳገት ላይ የሚያስፈልገው የመጎተት ኃይል ነው። ቢኤምደብልዩው 190 ኒውተን ሜትር የሚሰጥህ 4,700 ዙር ላይ ነው፤ መርሴዲሱ 200 ገደማውን 3,500 ላይ ይሰጥሃል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል፤ ሁለቱም።

ስድስት ሲሊንደር፦
ሁለቱም የሚያጡ ከሆነ ቢኤምደብልዩ ብቻውን ለምን ይሰደባል? ማርሽ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ አንድ ዝቅ አድርጎ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነው። መርሴዲስ የለመደ ሰው ሞተር ሲጮኽ የተሰበረ ይመስለዋል።

ጡረተኛው ሹፌር፦
እኔን ነው?

ስድስት ሲሊንደር፦
እርስዎን አይደለም ጋሼ። በጠቅላላው ነው።

የቦርከና ዳር፦
የደሴ ሰዎች ስለ ሞተር ሙቀት ስታወሩ ደስ ትላላችሁ። እናንተ ጋ ብርዱ ራሱ ራዲያተር ነው። መኪና የሚፈተነው በግንቦት ፀሐይ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሲወጣ ነው።

እኅት ከሆጤ፦
ፀሐይ ብቻ ነው የቀራችሁ? የቦርከና ወንዛችሁ እንኳ ከእኛ ታጥቦ ነው የሚወርድላችሁ።

የቦርከና ዳር፦
ታጥቦ አይደለም እኅቴ፤ ታጥባችሁበት ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ስለ መኪናው እባካችሁ።

እኅት ከሆጤ፦
ስለ መኪናው እንግዲህ፦ መርሴዲሱን ከገዛህ ጥር በገባ ቁጥር መኪናው ያንተ አይደለም። ዘመዱ ሁሉ ለሙሽራ ይለምንሃል፤ እምቢ ብትል ትታማለህ፤ እሺ ብትል አበባ የተለጠፈበትን ቀለም ስትፍቅ ትከርማለህ። በቤታችን ያየሁትን ነው የምነግርህ።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ሰው ለሙሽራ የሚለምነው የሚያኮራውን ነው። ቢኤምደብልዩ የለመነ ሙሽራ አይቼ አላውቅም።

ስድስት ሲሊንደር፦
አሁን ደግሞ ከሐረጎ ወደ ሙሽራ ተሻገርን! ጋሼ፣ «የተሠራ» ወዳሉት ቃል እንመለስ። ለማን፣ በማን ተሠራ? ሐረጎን የቀደደው ጣሊያን ነው። መርሴዲስን ጣሊያን ነው የሠራው?

ጡረተኛው ሹፌር፦
ከጠየቅህ ልመልስልህ። በዚያ ዘመን የማርቼዲስ የንድፍ ክፍል ኃላፊ የነበረው ብሩኖ ሳኮ ኡዲኔ የተወለደ ጣሊያን ነው። አባቶቹ መንገዱን ቀደዱ፣ እሱ መኪናውን አመጣ። አለቀ።

ስድስት ሲሊንደር፦
አላለቀም። ኢ34 የሚባለውን የዚህን ቢኤምደብልዩ የመጀመሪያ ንድፍ ያወጣው ኤርኮሌ ስፓዳም ጣሊያን ነው። ታዲያ ይህኛውስ ለየትኛው ዳገት ተሠራ? ለጦሳ ተራራ?

ጋራዥ ቤት፦
ጣሊያኖቹን ተዉአቸውና ፕላስቲኩን እንይ። የዚያ ዘመን ቢኤምደብልዩ የራዲያተሩ አንገት ፕላስቲክ ነው፤ የቴርሞስታቱ ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ የአንዳንዱ የውሃ ፓምፕ ክንፍ ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የኖረ ፕላስቲክ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ወይም አንገቱ ከተሰነጠቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ሞተሩ ይግላል። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ይጣመማል፤ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል። ጋሼ ኮፋኖ ተከፍቶ ያዩት ለዚህ ነው። ጥፋቱ ግን የዳገቱ ሳይሆን ፕላስቲኩን በጊዜው ያልቀየረው ሰው ነው።

ስድስት ሲሊንደር፦
ተባረክ! ስለዚህ ፕላስቲኩ ከተቀየረ ነገሩ አለቀ።

ጋራዥ ቤት፦
ከተገኘ። አዲስ አበባ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሰው ልከህ ያገለገለ ፕላስቲክ ይዞልህ ከመጣ ከዚያው ነህ።

ስድስት ሲሊንደር፦
የመርሴዲሱስ ነዳጅ መርጫ፣ ኬኢ ጄትሮኒክ የሚሉት? ነዳጅ አከፋፋዩ ቆሻሻ አይወድም፤ እኛ ደግሞ ሰልፉ ሲረዝም በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን እንገዛለን። አንድ ጊዜ ከተዛባ በትክክል የሚያስተካክለው ሰው ስንት ነው? እዚህ ሁሉም «አውቃለሁ» ብሎ ብሎኑን ያዞራል።

ጋራዥ ቤት፦
ይህ እውነት ነው። እኔም አዙሬ አውቃለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእነዚያ መርሴዲሶች የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋኑ እየተፈረፈረ ይበላሻል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ማንም አላነሣውም?

ጡረተኛው ሹፌር፦
ያ ከ1992 ወዲህ በተሠሩት ላይ የታየ ነው። የልጁ የ1990 ነው።

አዲስ ገቢ፦
በእኛ ነው በፈረንጆቹ?

ጡረተኛው ሹፌር፦
ምኑ?

አዲስ ገቢ፦
1990ው። በእኛ ከሆነ ወደ 1997 እና 1998 ይሄዳል።

ስድስት ሲሊንደር፦
ወንድሜ፣ የሁለቱም ሴዳን በፈረንጆች 1995 ማምረቱ አብቅቷል። በእኛ 1990 የተሠራ ካገኘህ ለእኔም ፈልግልኝ።

አዲስ ገቢ፦
መጠየቅ ነውር ነው?

የቦርከና ዳር፦
አብሽር፣ ነውር አይደለም። እዚህ የሚሰደበው ቢኤምደብልዩ ብቻ ነው።

ጡረተኛው ሹፌር፦
እስካሁን ስለ መውጣት ብቻ ስታወሩ ዝም ብዬ ሰማሁ። ዳገትን አህያም ይወጣዋል። እኔ ሐረጎ ስል የማስበው መውረዱን ነው። ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይወጣዋል፤ ጠዋት ግን እንቅልፉን ሳይጨርስ፣ ሥራ ረፍዶበት፣ ጉም ውስጥ ይወርዳል። እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ ሰው ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፤ ከዚያ ፔዳሉ ወለሉን ይነካና ፍሬን የሚባል ነገር የለም። በዚያ መንገድ የቀበርናቸው ጓደኞቼ መውጣት አቅቷቸው አይደለም የሞቱት። ልጄ፣ የትኛውንም ግዛ፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
እሺ ጋሼ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስድስት ሲሊንደር፦
«የትኛውንም ግዛ» ብለዋል። ተመዝግቧል።

ጡረተኛው ሹፌር፦
ማርቼዲሱን ግዛ ነው ያልኩት።

ስድስት ሲሊንደር፦
ከላይ ተጽፏል ጋሼ!

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም አያለሁ። ምን ልመልከት?

ጋራዥ ቤት፦
ለሁለቱም ሻጮች ሞተሩን ሳያስነሡ እንዲጠብቁህ ንገራቸው። ስትደርስ መጀመሪያ ኮፋኖውን በእጅህ ንካ። ሞቆ ካገኘኸው የደበቁህ ነገር አለ። ከዚያ የሞተር ዘይቱን ክዳን ከፍተህ ከውስጥ እየው፤ የቡና ወተት የሚመስል ነገር ካለበት ውሃ ከዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው፣ ወደ ቤትህ ተመለስ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ከሞተሩ ጋር ሳታመሳክር ቀብድ አትስጥ።

እኅት ከሆጤ፦
ቆይ፣ የትናንቱ ሠርግ ሙጋድ የነበረው ነው? ብርሌ የያዘውስ ሰውዬ ረጅም፣ ሪዛም?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
አዎ፣ እሱ ነው። ታውቂዋለሽ?

እኅት ከሆጤ፦
ወላሂ፣ የመርሴዲሱ ባለቤት አማች ነው።

ስድስት ሲሊንደር፦
አላልኩም? አላልኩም?

ጡረተኛው ሹፌር፦
አማችም ቢሆን እውነት ይናገራል። ለሐረጎ የተሠራው እሱ ነው።

ስድስት ሲሊንደር፦
አሁንም «የተሠራ»!