ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ጠዋት ተረከዙን ሲያመው፦ ወደ መገጣጠሚያ ሄዶ ይሆን?

ጥያቄ (ሕይወት ዘደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ 38 ዓመቱ ነው፤ ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና ቅርፊት የሚያወጣ ሕመም) ከያዘው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ያለበት ክርኑ፣ ጉልበቱና የራስ ቆዳው ላይ ሲሆን የእጁ ጥፍሮችም በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሏቸው። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ሲነሳ ተረከዙን መርገጥ ያቅተዋል፣ ጣቶቹም እስኪፍታቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ክሊኒክ ሄዶ «ዩሪክ አሲድህ ከፍ ብሏል፣ ሪህ ነው» ተባለ። የሩማቶይድ ፋክተርና የኢኤስአር የደም ምርመራ ውጤቱ ደህና ነው። ሶሪያሲስ ወደ መገጣጠሚያ የሚሄደው ስንቱ ላይ ነው? ደሙ ደህና ከሆነ እንተወው?

መልስ (የቆዳ ሐኪም፣ አዲስ አበባ)
እህቴ፣ አትተዉት። ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ፣ በአንዳንድ ጥናቶች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት፣ ሶሪያቲክ አርትራይተስ የተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ይይዛቸዋል። ብዙውን ጊዜ ቆዳው ይቀድማል፤ መገጣጠሚያው የሚከተለው በአማካይ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ዘጠኝ ዓመት መሙላቱ ነፃ አያወጣውም።

ሥጋቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። የጥፍር ለውጥ፣ የራስ ቆዳ ወይም በመቀመጫ መሃል ያለ ሶሪያሲስ፣ ሰፊ ቆዳ መያዙ፣ ውፍረት፣ እናት አባት ወይም ወንድም እህት ላይ ሕመሙ መኖሩ ከፍ ያደርገዋል። ጥፍሩን በተለይ ልብ በሉ፤ የጣት ጫፍ መገጣጠሚያን የሚያዘው ጅማት የሚያርፈው ጥፍሩ ሥር ስለሆነ ብግነቱ ሁለቱንም ይነካል። ክርኑ ላይ ሳንቲም የምታክል ብቻ ያለችበት ሰውም ግን ሊይዘው ይችላል።

ስለ ደሙ፦ ሩማቶይድ ፋክተር የሌላ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ የሩማቶይድ አርትራይተስ፣ መለያ ነው፤ በዚህኛው አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ነው። ብግነትን የሚለኩት ኢኤስአርና ሲአርፒም ግማሽ ያህል ሕመምተኞች ላይ ደህና ይወጣሉ። ስለዚህ «ደሙ ደህና ነው» ማለት «በሽታው የለም» ማለት አይደለም።

ፔስት የሚባል የአምስት ጥያቄ መመዘኛ አለ፦ መገጣጠሚያው አብጦ ያውቃል? ሐኪም አርትራይተስ አለብህ ብሎት ያውቃል? ጥፍሩ ላይ ጉድጓድ አለ? ተረከዙን አሞት ያውቃል? አንድ ጣቱ ያለ ምክንያት ከሥር እስከ ጫፍ ወጥ ሆኖ አብጦ አሞት ያውቃል? ሦስት «አዎ» ካለ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች) ሐኪም ይየው። ወንድምሽ ቢያንስ ሁለት አለው፤ ሦስት ባይሞላም ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ የጠዋት ድርቀት ብቻውን ለሪፈር ይበቃል። መመዘኛው ስለ ወገብ አይጠይቅም፤ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ሲንቀሳቀስ የሚቀል የወገብ ሕመም ካለው ራሳችሁ ንገሩ።

መልስ (ፋርማሲስት፣ ሐዋሳ)
ሪህ ባመዛኙ በድንገት፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ አንድ መገጣጠሚያ አግሎ ይነሳና በሳምንት ሁለት ሳምንት ይለቃል። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሚደርቅ ጣትና ተረከዝ እንዲህ አይደለም። በሶሪያሲስ ዩሪክ አሲድ ያለ ሪህም ከፍ ሊል ስለሚችል በቁጥሩ ብቻ የሪህ መድኃኒቱን አሎፑሪኖልን አይጀምር። ያበጠ መገጣጠሚያ ካለ ፈሳሹ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ክሪስታል መኖር አለመኖሩ ይታያል።

ለሕመሙ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሊረዳው ይችላል፤ ሁለቱን አብሮ ግን አይውሰድ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ካለበት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጠያቂዋ
ፕሬድኒሶሎንም ታዞለት ትናንት ጀምሯል። ይቀጥል?

መልስ (ፋርማሲስት፣ ሐዋሳ)
ዛሬውኑ ላዘዘለት ሐኪም ሶሪያሲስ እንዳለበት ይንገር። እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያለ የስቴሮይድ ክኒን ሲወስዱት ያስታግሳል፣ ሲያቆሙት ግን ቆዳው ተባብሶ ሊገነፍል፣ አንዳንዴም መግል የቋጠረ ሽፍታ ይዞ ሆስፒታል ሊያስተኛ ይችላል። ይህን የምታነቡና ለሳምንታት የወሰዳችሁ ደግሞ በራሳችሁ በአንዴ አታቁሙ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰው።

መልስ (ፊዚዮቴራፒስት፣ ባሕር ዳር)
ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹት። የቆሰለው ጅማቱ አጥንት ላይ የሚጣበቅበት ቦታ ነው፤ መታሸቱ ያባብሰዋል፣ የተፋቀ ቆዳ ላይም አዲስ ሶሪያሲስ ሊወጣ ይችላል። እስኪታይ ድረስ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያድርግ፣ ባዶ እግሩን ሲሚንቶ ላይ አይቁም፣ ጣቶቹን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ያፍታታ። ጨርሶ መተኛት ድርቀቱን ይጨምራል።

ለቀጠሮው እብጠት ባለበት ቀን የተነሳ ፎቶ፣ ጠዋት ለስንት ደቂቃ እንደሚደርቅ የተጻፈበት ወረቀት፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ራጅ መጀመሪያ ላይ ደህና ሊመስል ይችላል፤ የጅማቱን ብግነት አልትራሳውንድ ቀድሞ ያሳያል።

መልስ (የቆዳ ሐኪም፣ አዲስ አበባ)
ጥሩ ብለሃል። ልጨምር፦ ስድስት ወር እንኳ መዘግየት በኋላ ከሚታይ የመገጣጠሚያ ጉዳት ጋር ስለሚያያዝ ቀጠሮውን አታራዝሙ። የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስና የጉበት ምርመራ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቢሠራ ጊዜ ይቆጥባል፤ ባዮሎጂክ የሚባለው፣ ብግነት የሚያስነሳውን የሰውነት መከላከያ ክፍል የሚገታ መርፌ ከታሰበ የቲቢም ይጨመራል።

ለመገጣጠሚያው ብግነት የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት ከታዘዘለት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ተብሎ በስህተት ሲወሰድ መቅኔን ይመታል፣ ይገድላልም፤ ቀኑን ካርዱ ላይ ጻፉለት። ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይወስዳል፣ አረቄና ጠጅ ይቀርበታል፣ የደምና የጉበት ምርመራውን አያቋርጥም። ዓይኑ ቀልቶ ካመመውና ብርሃን ካስጨነቀው ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይየው።