«ዊል ኦፍ ታይም» 14 ቅጽ ነው አሉኝ፤ ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ?

የሌሊት ሹፌር፦

ሰላም ለቤቱ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ። ዕድሜዬ 46 ነው። ዕድሜዬን የጠቀስኩት «ይሄ ደግሞ የምን ጎረምሳ ነው» እንዳትሉኝ ነው።

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው «ደህና ነኝ» እና «ጠግቤያለሁ» ላይ ያበቃል። እኔ ከመጣሁ 12 ዓመቴ ነው፤ እንግሊዝኛዬን እያረመ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት ምሳ በልተን ቡና እየተፈላ፣ እንደ ልማዱ ጥግ ይዞ ያነባል። ዝም ከማለት ብዬ «ምንድን ነው እሱ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ግማሽ ሰዓት አወራኝ። እናቱ ረከቦቱ ላይ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ልጁ ግማሽ ሰዓት ሲያወራ እሷም እኔም ሰምተን አናውቅም። «ዊል ኦፍ ታይም» የሚባል አስማት ያለበት ረጅም ተከታታይ ልብወለድ ነው። ከዚያ ክፍሉ ገብቶ ጠርዙ የተላላጠ የመጀመሪያውን ቅጽ አምጥቶ አስታቀፈኝ። «አንክል፣ አንተ ጀምረውና እናወራለን» አለኝ። ነሐሴ ላይ ኮሌጅ ይገባል፣ ከቤት ይወጣል።

ቤቴ ገብቼ ሳየው መጽሐፉ ከ700 ገጽ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ደግሞ 14 አለው። ቁጭ ብሎ ለማንበብ ጊዜ የለኝም። ግን ኤርፖርት ወረፋ ስጠብቅና ስነዳ በሌሊት አምስት ሰዓት ያህል ጆሮዬ ነጻ ነው። በድምፅ የተተረከው አለ ብለውኝ ሳይ፣ የመጀመሪያው ብቻ 30 ሰዓት ነው፤ ሁሉም ሲደመር ከ400 ሰዓት ያልፋል። መስማት አይደለም ያስፈራኝ። ልጅ ሆኜ ወጋየሁ ንጋቱ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተላለፍ እናቴ ወጥ ያሳረረችባቸው ቀናት ትዝ ይሉኛል። ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የወጣበትን ተከታታይ አንድ ጊዜ ጀምሬ ተቃጥያለሁ፤ አምስተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፣ ስድስተኛውን ይኸው እስከ ዛሬ እንጠብቃለን። የዚህኛው ጸሐፊ ደግሞ ሳይጨርሰው ሞቷል ይላሉ። መሃሉ ላይ ይሰለቻል የሚሉም አሉ። ያነበባችሁ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ።


ስምንተኛው ላይ የወረደች፦

ስሜን አይተህ መልሴን ገምተኸዋል። ስምንት ቅጽ አንብቤ ወረድኩ፤ ተመልሼም አልተሳፈርኩም።

ናይኒቭ የምትባል ሴት አለች፣ በተናደደች ቁጥር ሹሩባዋን ትጎትታለች። የማትናደድበት ገጽ ደግሞ የለም። አምስተኛው ቅጽ አካባቢ እኔም ባሌ ሲያናግረኝ ሹሩባዬን ይዤ ራሴን አገኘሁት። የተቀሩት ሴቶች ቀሚሳቸውን ያስተካክላሉ፤ ቁጭ ሲሉ ያስተካክላሉ፣ ሲነሱ ያስተካክላሉ። ሰውየው ደግሞ የማንንም ቀሚስ ጥልፍ ሳይነግርህ አያልፍም፤ ሠርግ ቤት በር ላይ ተቀምጣ የገባውን ሁሉ ከእግር እስከ ራስ የምትለካ አክስት በለው።

እሱንም ችዬ ነበር። የምወደው ማት ነው፤ ቁማርተኛ፣ ነገረኛ፣ ብቻውን የሚያስቅ። ሰባተኛው መጨረሻ ላይ ግድግዳ ይደረመስበታል (ይቅርታ፣ ስላናደደኝ ነው የምናገረው)። ሞተ ተረፈ ብዬ ስምንተኛውን ገዛሁ። ማት የለም። ሙሉውን ቅጽ የለም! ስሙን ያነሱታል እንጂ ሰውየው የለም። መጽሐፉን ዘግቼ ለጎረቤቴ ሰጠሁ።

400 ሰዓት ካለህ ልጁን ይዘኸው ዓሣ ለማጥመድ ሂድ።


የለገሃሩ አንባቢ፦

ወንድሜ ሹፌሩ፣ መጀመሪያ ከጭንቀትህ ልገላግልህ፤ አልቋል። መጨረሻ አለው፣ እሱም ደህና መጨረሻ ነው።

ሮበርት ጆርዳን የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በጥር 1990 አወጣ። 11 ቅጽ ካወጣ በኋላ ታመመና መስከረም 2007 ላይ ዐረፈ። ነገር ግን መታመሙን ስላወቀ ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ለቤተሰቡ እየተናገረ አስቀድቷል፣ ማስታወሻ ትቷል፣ የመጨረሻውን ትዕይንት ራሱ ጽፎታል። ባለቤቱ ሃሪየት መክዱጋል የመጽሐፎቹ አርታኢ ነበረች፤ ከሞተ በኋላ ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል ወጣት ጸሐፊ መርጣ ሥራውን ሰጠችው። አንድ ቅጽ ይበቃዋል የተባለው ሦስት ሆነ፤ 2009፣ 2010 እና 2013 ላይ ወጡ። እጁ እንደተቀየረ ታውቀዋለህ። በተለይ ማት ለአንድ ቅጽ ያህል ቀልዱ ይጎመዝዛል፣ ሌላ ሰው ልብሱን ለብሶ የመጣ ይመስላል። በኋላ ይስተካከላል። የመጨረሻው ጦርነት ደግሞ አንድ ምዕራፍ ብቻውን 200 ገጽ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ እሱን ስትሰማ መንገደኛ ባትጭን ይሻላል።

አሁን ወደ እኔ ታሪክ። በ1992 ዓ.ም. ለገሃር አካባቢ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጋ ልጅ አንድ ወፍራም ነገር ገዛሁ። ሽፋኑ ግማሹ ተቀዷል፣ ውስጡ የማላውቀው የፈረንጅ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። የገዛሁት ስለወፈረ ነው፤ ክረምቱን ያሳልፍልኛል ብዬ። ልጁም የሚያስከፍለው በውፍረቱ ነበር መሰለኝ። አራተኛ ቅጽ መሆኑን ያወቅሁት መቶ ገጽ ካነበብኩ በኋላ ነው። ሰዎቹ ይተዋወቃሉ፣ ይኳረፋሉ፣ እኔ ለምን እንደተኳረፉ አላውቅም። ዘመድ ያልሆንኩበት ለቅሶ ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይነት ነው። ያዳነኝ ከመጽሐፉ ኋላ ያለው የቃላት መፍቻ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ፣ ስሙም እንዴት እንደሚጠራ ይናገራል።

ከዚያ ሩዊዲያን የሚባል ቦታ ደረስኩ። ታሪኩን አላበላሽብህም፤ ይህችን ብቻ ልንገርህ። አይል የሚባሉ የበረሃ ሕዝቦች አሉ። በጦርና በቀስት ይዋጋሉ እንጂ ሰይፍ አይነኩም። ለምን ቢሏቸው ነውር ነው፤ ከዚያ ወዲያ መልስ የላቸውም። ዋናው ልጅ ራንድ የመስታወት ዓምዶች በቆሙበት መሃል ይራመዳል። አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር በአንድ አያቱ ዓይን ያያል፤ ቀጥሎ በአያትየው አባት፣ ቀጥሎ ከዚያ በፊት በነበረው። ታሪኩ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ውጤቱን ታያለህ፣ ቀጥሎ ምክንያቱን፣ ቀጥሎ የምክንያቱን ምክንያት።

አባቴ ሰባት ቤት ያስቆጥረኝ ነበር። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቶሎ ያልፋል። «እሳቸው ምን አድርገው ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ቁጠር ዝም ብለህ» ነበር መልሱ። ሩዊዲያንን ያነበብኩት ቤት ውስጥ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው። ጨርሼ ሻማውን ሳላጠፋ ስለዚያ አምስተኛ ሰው ሳስብ አደርኩ። ብዙ ልብወለድ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ያደረገኝ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያውን ቅጽ ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ይዛልኝ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ በእሱ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ላልቀጥል እችል ነበር። «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የሚባለውን የቀለበቱን ፊልም ካየህ ታውቀዋለህ፤ ሰላማዊ መንደር፣ ጥቁር ካባ የለበሰ ፈረሰኛ፣ ብዙ የምታውቅ መንገድ መሪ፣ ሽሽት። ልዩ የሆነው ከሥር ያለው ነገር ነው። በዚያ ዓለም የአስማቱ የወንዶች ድርሻ ተመርዟል፤ የነካው ወንድ ቀስ በቀስ ያብዳል። ስለዚህ ኃይሉ የሴቶች ነው፤ ነገሥታቱ የሚፈሯቸውም እነሱን ነው። ራንድ ደግሞ ወንድ ነው፣ ኃይሉም አለው። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጊዜ እየዞረ ይመለሳል የሚለው ነገር ፈረንጆቹን ያስደንቃቸዋል፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን ዘመን ስናዞር ላደግነው ያን ያህል አይደለም።

ስምንተኛው ላይ የወረድሽው እህቴ፣ ስለ ሹሩባውና ስለ ቀሚሱ ምንም የምከራከርሽ የለኝም። የማትም ነገር እውነት ነው። ግን ናይኒቭን ትተሻት መሄድሽ ያሳዝነኛል፤ ከሁሉም የሚበልጠውን ነገር የምታደርገው ከወረድሽ በኋላ ነው።

ስለ መሰላቸቱ፦ ከስምንት እስከ አሥር አለ፤ ማንም አይዋሽህ። ፔሪን የሚባለው ሚስቱ ስምንተኛው መጨረሻ ላይ ትማረክበታለች፤ የሚያስለቅቃት አሥራ አንደኛው ላይ ነው። አሥረኛው ደግሞ ሁሉም ሰው በዘጠነኛው መጨረሻ የሆነውን ትልቅ ነገር ከያለበት ዞር ብሎ ሲያይ ነው የሚያልቀው። ሲንተከተክ ውሎ ያልበሰለ ባቄላ ማለት ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ እሮሮ የመጣው ሁለት ዓመት ጠብቀው ያንን ከገዙ ሰዎች ነው። አንተ በሳምንት ፈረቃ ታልፈዋለህ።

የእኔ ምክር፦ ስለ 14 አትወስን። እስከ አራተኛው ማለቂያ ድረስ ብቻ ወስን። ወደ 120 ሰዓት ነው፣ በአንተ አነዳድ አምስት ሳምንት። ሩዊዲያን ምንም ካላደረገህ በሰላም ተሰናበት፤ ልጁም አያዝንብህም። የድምፁን ቅጂ ማይክል ክሬመርና ኬት ሪዲንግ የተረኩትን ያዝ፤ ታሪኩ በወንዱ ዓይን ሲሆን እሱ፣ በሴቷ ሲሆን እሷ ናቸው የሚተርኩት። የልጁን የወረቀት ቅጂ ደግሞ መኪናው ውስጥ አስቀምጠው፣ መፍቻው ያስፈልግሃል። የያዝከውን ቅጽ ሳትጨርስ የሚቀጥለውን ቅጽ መፍቻ ግን አትክፈት፤ ታሪክ ያሾልካል።


ፊልሙን ያየ፦

ያላለቀ ነገር ከፈራህ በምንም ዓይነት የአማዞኑን ተከታታይ ፊልም አትጀምር። በ2021 ጀመሩት፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይበልጥ እየጣፈጠ መጣ፣ በ2025 አቋረጡት። እኔ መጽሐፉን አላነበብኩም። ከለገሃሩ ሰውዬ ጽሑፍ በኋላ ግን ሩዊዲያንን ልፈልግ ነው፤ ፊልሙም ላይ ከሁሉ የበለጠችው ክፍል እሷ ነበረች።


ስምንተኛው ላይ የወረደች፦

@የለገሃሩ አንባቢ ናይኒቭ ምን ታደርጋለች? በውስጥ መስመር ንገረኝ። አንብቢ እንዳትለኝ።


የለገሃሩ አንባቢ፦

አንብቢ።


የሌሊት ሹፌር (ከአምስት ሳምንት በኋላ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንደተባልኩት አራተኛው ላይ አልደረስኩም፣ ሁለተኛውን ትናንት ሌሊት ጨረስኩ። ወር በወር መግዛቱን ትቼ ከቤተ መጻሕፍት በስልክ ስለምዋስ ወረፋ አለው።

የመጀመሪያው ሽሽቱ በዛብኝ። ልክ ናችሁ። አንድ ሌሊት ግን ከኤርፖርት የጫንኳቸው ሽማግሌ ቤታቸው በር ላይ ደርሰን «ይህቺ ምዕራፍ ትለቅ» ብለው ሳይወርዱ ቀሩ። ቆጣሪውን አጥፍቼ አብረን ሰማን።

ልጁ ግን... እሁድ ዕለት ስለ ናይኒቭ ሳወራው ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን ናት እሷ?» አለኝ። ባለ ሹሩባዋ አልኩት። «እ! ናይናቭ!» አለ። ለካ በዓይኑ ብቻ ስላነበበ ስሟን ከልቡ አውጥቶ ነው የሚጠራት። ተሳስተሃል አልኩት። ሳቀብኝ። መኪናው ውስጥ ሄጄ መጽሐፉን አመጣሁና ኋላ መፍቻው ላይ ከፍቼ በጣቴ አሳየሁት። ዝም አለ። በ12 ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛ ያረምኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እህቴ ከሳቋ የተነሳ ስኒ ልትሰብር ነበር። አሁን በየቀኑ ስም እየላከ «ይሄስ እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እኔም ቀይ መብራት ላይ ቆሜ በድምፅ እየቀዳሁ እልክለታለሁ።

ሦስተኛውን ወረፋ ይዣለሁ፣ ስድስት ሳምንት ጠብቅ ይለኛል። እናንተ ውስጥ ይዞት ያልጀመረው ሰው ካለ ቶሎ ይመልስ፤ ነሐሴ እየደረሰ ነው።