ውሃውን በምን ልለካው?

ሰላም ወገን፣ ማስተርስ ጽሑፌ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። አምስት ኪሎ ነኝ። ርዕሴ መብራት፣ ሙቀትና ንጹህ ውሃ ባንዴ የሚያመርት ጣቢያ ነው። ተርባይኑን አዙሮ የወጣው እንፋሎት ከፊሉ ለማሞቂያ ይሄዳል፣ ከፊሉ የባሕር ውሃን ከጨው ያጣራል። (አዎ፣ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ስለ ባሕር ውሃ እጽፋለሁ፣ አትሳቁ።)

ከ100 ኪሎዋት ሰዓት ነዳጅ 35 መብራት፣ 45 ሙቀት አገኘሁና ደምሬ የጣቢያው ብቃት 80 በመቶ ነው ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ 80ዋን በቀይ እስክሪብቶ ከበባትና «ብርና ሳንቲም እኩል ትደምራለህ እንዴ?» አለኝ። ልክ ነው። አካባቢው 20 ዲግሪ ከሆነ፣ ከ70 ዲግሪ ሙቀት በካርኖ ስሌት ወደ ሥራ የሚለወጠው ቢበዛ 15 በመቶ ገደማ ነው። የኔ 45 ወደ 7 ወረደ፣ 80ዋ 42 ሆነች። እሺ፣ እስከዚህ ገባኝ።

ያቃተኝ ውሃው ነው፤ ከነዚህ ጋር ልደምረው በስንት ኪሎዋት ሰዓት ልቁጠረው? አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ ለማጣራት በንድፈ ሐሳብ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፣ ጥሩ የሚባል የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማሽን (ውሃውን በግፊት በስስ ወንፊት አሳልፎ ጨውን የሚያስቀር) ግን 3 ገደማ ይፈጃል። በ1 ካሰብኩት ጣቢያው ውሃ በማምረቱ የተቀጣ ይመስላል፣ በ3 ካሰብኩት ደግሞ ቁጥሩን ያሳመርኩ። በዚያ ላይ ውሃ ያጣራውን እንፋሎት ከ45ቱ ውስጥ ቆጥሬው ይሆን እንዴ? ሁለቴ መቁጠር ነዋ!

ወይስ ሁሉን ትቼ፣ ሦስቱ ለየብቻ ቢመረቱ ከሚፈጀው ነዳጅ ጋር ላወዳድር? የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ፣ ሐሙስ አማካሪዬ ጋ እገባለሁ።